ጥቁሯ የታለች?

«ጥቁሯ የታለች?»

ታላቋ እህት ይህን የጠየቀችው በእናታቸው አርባ ቀን፣ ደሴ ከተማ፣ እናትየው በኖሩበት ቤት፣ በንስሐ አባታቸውና በሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ፊት ነው። ጠረጴዛው ላይ የተፈታው አሮጌ መቀነት አምስት ብሮች ይዟል፤ አራት ማርትሬዛና አንድ የምኒልክ ብር። አምስቱም ትናንት የታተሙ ይመስል ያብረቀርቃሉ።

ማንም አልመለሰላትም። ከአዲስ አበባ የመጣው ሁለተኛው ልጅ ጥያቄው ወዲያው አልገባውም። እንዲያውም እሱ የሚጠብቀው ምስጋና ነበር።

«የቷ ጥቁር?» አላት።

«እማዬ ጥቁሯ ያለቻት ናታ።»

ያኔ ገባው። ፊቱ ተለወጠ።

ነገሩ የተጀመረው በዋዜማው ሌሊት ነው። እንግዳው ሁሉ ተኝቷል። ልጁ የእናቱን ሙዳይ ከፍቶ መቀነቱን ሲፈታ ያየው ነገር አሳፈረው። አንዷ ብር እንደ ምጣድ ጠቁራለች። አንዷ ቀይ ቡናማ ሆና ጠርዟ ወደ ሐምራዊ ሄዷል። አንዷ ላይ አረንጓዴ ሙጫ መሰል ነገር ተጣብቋል። አራተኛዋ ነጣ ብላ የተላላጠች ናት። የምኒልኳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ደመና የመሰለ ግራጫ ለብሳለች። «ነገ ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ዕቃ እንዲህ ሆኖ?» አለ ለራሱ።

ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ቪዲዮው ቀላል ነበር። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ፎይል አንጥፍ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንስ፣ የፈላ ውኃ ጨምር፣ ብሩን ፎይሉ ላይ አስቀምጥ። እንዳለው አደረገ። ውኃው አረፋ አወጣ፤ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው፤ የምጣድ መልክ የነበራት ብር ዓይኑ እያየ ነጣች። ያልለቀቀውን በጥርስ ሳሙናና በብሩሽ ፈተገ። ለምኒልኳ ሲደርስ ሎሚና አመድ አመጣ፤ ልጅ ሳለ እናቱ ድስት ሲፈትጉ ያይ ነበርና። ከሁሉ አብልጦ የደከመው ለእሷ ነው።

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጨርሶ ተኛ። እናቱ ከሞቱ ወዲህ በገዛ እጁ አንድ ነገር ያደረገላቸው ያን ሌሊት ብቻ ስለመሰለው እንቅልፉ ደህና ነበር። ይህን ሳያውቁ በሰውየው መፍረድ ቀላል ነው።

እናትየው ግን ኑዛዜ ነበራቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ የተናገሩትም ለታላቋ ልጃቸው በመጨረሻው ሳምንት ነው። «ነጯ ለአንቺ። አረንጓዴ ያረፈባት ለሐዋሳው ልጄ። ቀይዋ ለአዲስ አበባው። ጥቁሯ ለትንሿ። ምኒልኳን ሸጣችሁ ለዕድሩ ድንኳን አግዙበት። አደራ።» እህትየዋ ይህን ለአርባው ቀን አቆይታው ነበር፤ ሁሉም ሲሰበሰብ፣ ሽማግሌም ሲኖር ልትናገር።

አሁን የሚነገርበት ቀን ደርሶ፣ ጥቁርም ቀይም አረንጓዴም የለም። አራት የሚመሳሰሉ ነጭ ብሮች አሉ።

ማርትሬዛ ደግሞ ከማንም ገንዘብ በላይ እርስ በርሷ የምትመሳሰል ናት። ሁሉም ላይ ያችው ሻሽ የደረበች ወፍራም ሴት አለች፤ ሁሉም ጀርባ ላይ ያው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞተች በኋላ ግን ገንዘቧ በምሥራቅ አፍሪካና በዐረብ አገሮች ስለተወደደ ዓመቱ ሳይቀየር መታተሙ ቀጠለ። በቪየና ታተመ፣ በፕራግ፣ በሚላን፣ በቬኒስ ታተመ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትነሣ ሮም ላይ አሳተመችው፤ ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ተከተሉ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከሺህ እጅ 833 ያህሉ ብር፣ ቀሪው መዳብ። በአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ልዩነት የታተሙ ሁለት ብሮች አንድ ዓመት ጽፈው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ስለዚህ እናትየው ብሮቹን በቀለም መለየታቸው ልማድ ብቻ አልነበረም። ሌላ መለያ የላቸውም። እድፉ ስማቸው ነበር።

እያንዳንዱም እድፍ ምክንያት ነበረው። ጥቁሯ የአያታቸው ናት። እኚህ ሰው የባቲ ሰኞ ገበያ ነጋዴ ነበሩ፤ በጣሊያን ዘመን ከነበራቸው ገንዘብ አንዷን ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ ሰንጥቀው ጭቃ መረጉባት፤ ጠላት እስኪወጣ ድረስ ጭስ ጠጣች። ትንሿ ልጅ ይህን ታሪክ ሳትሰማ አልተኛም የምትል ልጅ ነበረች። ነጯ እናትየው ሲዳሩ በአንገታቸው ያሰሯት ናት፤ ቆዳና ልብስ ሲያሻት ለመጥቆር ጊዜ አላገኘችም። ቀይዋን እናትየው ለብቻዋ የጠቀለሏት በአዲስ አበባው ልጅ የትምህርት ቤት ሹራብ ቁራጭ ነው። አረንጓዴዋ ደግሞ የሐዋሳው ልጅ «እማዬ፣ በዚህ አስቀምጪው» ብሎ ባመጣው ለስላሳ የላስቲክ ኪስ ውስጥ የከረመችው ናት።

ይህን ሁሉ ያጠበው ልጅ አያውቅም ነበር። የሹራቡን ቁራጭ ያየው ዕቃ መጣያ ውስጥ ነው። ራሱ ነበር የጣለው።

ከአርባው በኋላ ወንድምና እህቶች ተመካክረው ብሮቹን ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ያውም በራሱ በአጣቢው እጅ። የምኒልኳ መሸጥ አለባት፤ አራቱ ደግሞ የሚለይ ሰው ካለ ይለያቸው ተባለ። ሰውየው አጠያይቆ አንድ የድሮ ገንዘብ የሚገዙና የሚሸጡ አዛውንት ጋ ደረሰ። አዛውንቱ ለብዙ ዓመት ፒያሳ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ ናቸው። መደርደሪያቸው ጠባብ ቢሆንም ማጉያ መነጽራቸው ያው የድሮው ነው።

የመጀመሪያዋን ብር ጠርዝና ጠርዟን ይዘው ወደ መብራት አዘነበሏት። ሁለተኛዋን አነሡ። ከዚያ መነጽሩን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ማነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«በምን?»

ነገራቸው። ስለ ሎሚውና ስለ አመዱ ሲናገር ድምፁ ቀነሰ። አዛውንቱ የምኒልኳን ብር መልሰው አነሧት። ፓሪስ የታተመች፣ 1887 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸባት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ማርትሬዛን ከገበያ ለማስወጣት ካስመጧቸው ብሮች አንዷ ናት። ክብደቷም የብር መጠኗም ከማርትሬዛ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ያም ሆኖ ሕዝቡ የለመደውን ትቶ እሷን ለመውደድ ጊዜ ፈጅቶበታል።

«ይህች ሳትታጠብ ብትመጣ ሌላ ዋጋ ነበራት» አሉ። «አሁን ሚዛን ላይ ወጥታ እንደ ብር ትሸጣለች፤ ትንሽ ከፍ ቢልላት ነው።»

ብዙ ሰው የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ዕቃ እንዴት ከቆሸሸው ይረክሳል? መልሱ ብር የሚጠቁረው ስለቆሸሸ ባለመሆኑ ላይ ነው። በአየር ውስጥ የድኝ ጋዝ አለ፤ ከጭስ፣ ከእንቁላል፣ ከሱፍ፣ ከጎማ ይወጣል። ጋዙ የብሩን ገጽ ሲነካ ብርና ድኝ ይዋሐዱና ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ሽፋኑ በጣም ስስ ሳለ ቢጫ ይመስላል፤ ሲወፍር ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊና ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ቀለሙ የሚናገረው የሽፋኑን ውፍረት ነው። በምድጃ ጭስ ዓመታት የቆየችው ጠቆረች፤ በሱፍ የተጠቀለለችው ቀላች። ማለትም ጥቁሩ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ ሳይሆን የራሷ የብሯ ቆዳ ነው። እድፉን ማንሣት ቆዳውን ማንሣት ነው።

ፎይሉና ሶዳው የሚሠሩት ሥራም ይኸው ነው። አሉሚኒየሙ በሞቀው የሶዳ ውኃ ውስጥ ድኙን ከብሩ ያስለቅቃል፤ የሸተተውም ያ ድኝ ነው። ተመልሶ የሚቀረው ብር ግን እንደ ቀድሞው ጥቅጥቅና ለስላሳ አይሆንም፤ የኖራ መልክ ያለው ደብዛዛ ነጭ ይሆናል። የጥርስ ሳሙና ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ውስጡ ለመፋቅ የተሠራ ደቃቅ ዱቄት አለው፤ ያ ዱቄት ብር ላይ ሲታሽ በዓይን የማይታይ፣ በመነጽር ግን እንደ ታረሰ ማሳ የሚታይ ጭረት ይተዋል። ሎሚ ከብሩ ጋር ያለውን መዳብ ይበላል። አመድ የቀረውን ይጨርሳል። ገንዘብ ሲታተም ብረቱ በግፊት ሲፈስ የሚፈጥረው፣ ብርሃን ላይ ሲያዞሩት አብሮ የሚዞር ነጸብራቅ አለ፤ አንዴ ከተፋቀ ያን የሚመልስ እጅ የለም። ለሰብሳቢ ዋጋው ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ታዲያ ምንም አይነካም ማለት ነው? አዛውንቱ እንዲህ አላሉም። እሳቸው እድፍን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ከላይ ያረፈ ነገር ነው፤ አፈር፣ ቅባት፣ የእጅ ላብ። ሁለተኛው ከሌላ ዕቃ የመጣ ነው፤ እንደዚያ የላስቲክ አረንጓዴ ሙጫ። ሦስተኛው ብረቱ ራሱ ተለውጦ የለበሰው ቀለም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይነሣሉ፤ ሦስተኛው፣ እኩል የተዘረጋና የረጋ ከሆነ፣ ይተዋል።

የላስቲኩን ሙጫ መተው እንዲያውም ጥፋት ነው። ለስላሳው ላስቲክ ሲያረጅ የሚለቀው ፈሳሽ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ ብሯን ቀስ እያለ ይበላታል። መድኃኒቱ ንጹሕ አሴቶን ነው፤ ቀለምና ሽቶ የተጨመረበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሳይሆን ንጹሑ። መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። አሴቶን ሙጫውን ያሟሟል፤ ብሩን አይነካም። ከዚያ በተጣራ ውኃ አለቅልቆ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ እንጂ ማሸት የለም። ቀጥሎ በደረቅ ቦታ፣ ለብቻ ለብቻ፣ ከሱፍ፣ ከጎማና ከለስላሳ ላስቲክ አርቆ ማስቀመጥ። መያዝም በጠርዙ ብቻ ነው፤ የጣት ላብ ዛሬ ባይታይም ከዓመታት በኋላ አሻራው ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል።

የነሐስ ገንዘብ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ነሐስ ላይ የረጋ ጥቁር አረንጓዴ ሽፋን ጠባቂ ነው። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ብቅ ብቅ ካለ ግን ከአፈር የገባ ጨው ከእርጥበት ጋር ተባብሮ ብረቱን እየበላው ነው፤ የሙያው ሰዎች የነሐስ በሽታ ይሉታል። ያን የሚያክም ባለሙያ ነው፤ እስከዚያው ማድረቅና ከሌሎቹ መለየት ይበቃል።

አዛውንቱ በዚህ ላይ አጥብቀው የሚናገሩት ስለ አክሱም ገንዘብ ነው። ከንጉሥ ኤንዱቢስ ዘመን፣ ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አክሱም በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አሳትማለች። የአክሱም አንጥረኞች ሌላው ዓለም እምብዛም ያላደረገውን አደረጉ፤ በአንዳንድ የብርና የነሐስ ገንዘብ ላይ የንጉሡን ራስ ወይም መስቀሉን ለይተው ስስ ወርቅ ቀቡት። ያ ወርቅ ዛሬ ብዙ ጊዜ ከአፈርና ከዝገት በታች ነው ያለው። አንድ ሰው ማሳው ውስጥ ያገኛትን ጥቁር ነሐስ በሎሚና በአሸዋ ቢፈትጋት፣ ዝገቱ ሲሄድ አሥራ ስድስት መቶ ዓመት የቆየው ወርቅ አብሮ ይሄዳል። ፈታጊው ወርቅ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ። ከመሬት የተገኘ ቅርስም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መነገር ያለበት እንጂ ወጥ ቤት የሚታጠብ አይደለም። እሳቸው ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ሻይ ይጠጣል፣ ምክር ይሰማል፣ ይዞ ይመለሳል።

የሚያብረቀርቅ ነገር መውደድ ግን ከሰማይ የወረደ ስሕተት አይደለም። ማርትሬዛ ገንዘብ በነበረችበት ዘመን ገበሬው ብሯን ተቀብሎ ዘውዷንና የደረቷን ጌጥ፣ ፈርጦቹን ሳይቀር ይመረምር ነበር፤ ካልታዩት አይቀበልም። ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፅዋን ያዳምጣል። መንግሥትም መልክን ችላ አላለም። 1936 ዓ.ም. ከተጻፈባቸው ሳንቲሞች መካከል የመዳቡ 25 ሳንቲም ክብና ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር በመጠን የሚቀራረብ ስለነበር፣ እንዳይምታታ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ተሸልሞ እንደገና ወጣ። አንገት ላይ የሚውል ድሪ ቢወለወል ያምርበታል፤ የበዓል መስቀልም እንዲሁ። አገልግሎት ላይ ያለ ዕቃ ይወለወል። አገልግሎቱን ጨርሶ ምስክር የሆነ ዕቃ ግን ፊቱን ቢያጥቡት ቃሉ ይጠፋል። የአዲስ አበባው ልጅ ስሕተት እነዚህን ሁለቱን አለመለየቱ ነው።

ይህ ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። የቆየ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ደበዘዘ ተብሎ ትኩስ የዘይት ቀለም ሲደረብበት፣ የድንጋይ ቤት አረጀ ተብሎ በሲሚንቶ ሲለሰን፣ የሚሠራው ሰው እንደዚህ ልጅ በፍቅር ነው የሚሠራው። በክፋት የጠፋ ነገር ቢያንስ ከሳሽ ያገኛል። በፍቅር የታጠበ ግን ተጨብጭቦለት ይጠፋል።

አዛውንቱ አራቱን ማርትሬዛዎች አንድ በአንድ በመነጽር አዩ። የመጀመሪያዋ አናት ላይ፣ ጠርዙ ጋ፣ የብየዳ ጠባሳ አለ። «ይህች አንገት ላይ ውላለች።» ነጯ ተገኘች። የሁለተኛዋ ገጽ በአንድ በኩል በመርፌ የተወጋ ይመስላል፤ ሙጫው የበላው ቦታ ነው። የሐዋሳው ልጅ ድርሻ ተገኘች። የቀሩት ሁለቱ ላይ ብዙ ቆዩ። የአንዷ ንስር ላባ ውስጥ ብሩሹ ያልደረሰበት የጥቁር ቅሪት አለ። የሌላዋም ንስር ላባ ውስጥ አለ። መዘኗቸው። እኩል ናቸው።

«ከሁለቱ አንዷ ናት» አሉ። «ከዚህ በላይ ብናገር ዋሸሁ።»

ከዚያም የአንዷን ጠርዝ ወደ ብርሃን አዙረው ዙሪያውን የተጻፈውን የላቲን ቃል አሳዩት። ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው አሉት። ሰውየው ምንም አልመለሰም።

ሱቁ በር ላይ የቆመ አንድ ወጣት ይህን ሁሉ ሲሰማ ነበር። ሰውየው ሲወጣ ተከተለው። «ምን ያስጨንቅሃል? እንቁላል ቀቅለህ አብረህ ክደናት፤ ትጠቁርልሃለች።»

እውነቱን ነው። የተቀቀለ እንቁላል የሚያወጣው ጋዝ ብርን የሚያጠቁረው ያው ጋዝ ነው። ሰውየው ቤቱ ሲደርስ እንቁላል ቀቀለ፣ ለሁለት ከፈለ፣ ከሁለቱ ብሮች አንዷን አጠገቡ አስቀምጦ ዕቃውን ከደነው። አንዷን ሲመርጥ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ነው በኋላ ያሳፈረው። ጠዋት ሲከፍት ብሯ ቢጫ ሆናለች፣ በአንድ በኩል ወደ ቀይ ሄዳለች፣ ጠርዟ ሰማያዊ ሸት ብሏታል። ሁለት ሌሊት ቢጨምር ትጠቁራለች። ለትንሿ እህቱ ይልካታል። እሷም ታምናለች።

ብሯን እያየ ቆየ። ያን ጥቁር ያመጣው አያቱ ወራሪን ፈርተው የመረጉት ጭቃና የዓመታት ጭስ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሁለት እንቁላል ሊሆን ነው። ማጠቡ ስሕተት ነበር። ይህ ግን ስሕተት አይደለም፤ ውሸት ነው። ስልኩን አንሥቶ እህቱ ጋ ደወለና የአዛውንቱንም የእንቁላሉንም ነገር ሳይደብቅ ነገራት።

ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ፣ «ጋሼ» አለችው፣ «እኔ ጥቁሯን የምፈልጋት ጥቁር ስለሆነች ነው እንዴ? አያቴ ስለደበቋት ነው። የደበቋት ደግሞ ከሁለቱ አንዷ ናት ብለውሃል።»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንቁላል የነካትን አንተ ውሰድ። ሌላዋን ላክልኝ። የቷ እንደሆነች ሁለተኛ አንጠያየቅ።»

የምኒልኳ ብር ተሸጠች። የወጣላት ዋጋ ሳትታጠብ ቢሆን ይወጣላት ከነበረው ያነሰ ስለሆነ ልዩነቱን ሁለተኛው ልጅ ከደመወዙ ሞላ፤ ይህን ያደረገው ማንም ሳይጠይቀው ነው። ዕድሩም ድንኳኑን ገዛ።

በሙት ዓመቱ ልጆቹ እንደገና ደሴ ተሰበሰቡ። ትንሿ እህት ሙዳዩን አመጣች። ብሯ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ አጠገቧ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የአያታቸው ታሪክ፣ የእናታቸው ኑዛዜ፣ ብሩ የታጠበበት ቀን፣ የአዛውንቱም ቃል ተጽፏል፤ «ከሁለቱ አንዷ ናት» የሚለው ሳይቀር። በመጨረሻ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ያጠባት ወንድሜ ነው። ለክብሯ ብሎ ነው።»

ወንድምየው አነበበውና ብሯን አነሣት። በጠርዟ ነው የያዛት። ወደ መስኮቱ ሲያዘነብላት፣ ከሴትየዋ ሻሽ በስተኋላ፣ ጠርዙን ተከትሎ ስስ ቢጫ ጀምሯታል።

«ተያት» አላት እህቱን፣ መልሶ ሲጠቀልላት። «ራሷ ታውቃለች።»